ከፒያሳ አዘዞ በሳይክል፣ ከጎንደር ደባርቅ በመኪና



«አንተ ግን የቱ ነህ? የመኪና ነህ ወይስ የሳይክል?» በዚህ ዓመት ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ አላስታውስም። ነገሩ የእግር ኳስ ቡድን እንደመጠየቅ ሆኗል፤ አንዱን ከደገፍክ ሌላውን መስደብ ግዴታ ነው። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ። ወደ አዘዞ ስወርድ ሳይክሌን፣ ወደ ደባርቅ ስወጣ የአባቴን መኪና። አንዱ ለሌላው ጣውንት ሆኖብኝ አያውቅም።

ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩት ግን ስለ ራሴ ደስታ ብቻ ለማውራት አይደለም። ወሬው ከቀልድ አልፎ ከጀመዓችን ሰው ማራቅ ስለጀመረ ነው። የራቁ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ወደ እነሱም እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን መንገዱን ላስቃኛችሁ፤ በተለይ ፍሬሽ የሆናችሁ፣ ጎንደርን ገና ከግቢ በር አልፋችሁ ያላያችኋት ካላችሁ።

ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ሳይክል ሲያይ ቀድሞ የሚታየው ዳገቱ ነው። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ኮረብታ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተቀምጣለች። ከፒያሳ ወደየትም ብትሄዱ ወይ ትወርዳላችሁ ወይ ትወጣላችሁ። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ዳር እንደ ምጣድ ለጥ ብላለች። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰው ሳይክል የሚነዳው ከእኛ የተሻለ ስፖርተኛ ስለሆነ አይደለም፤ መሬቱ ስለፈቀደለት ነው። እዚያ ሳይክል የተማሪውም፣ የሠራተኛውም፣ የእናቶችም ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንኳ ለሳይክልና ለእግረኛ የተለየ መስመር ተሰጥቶት ነው የተሠራው። የጎንደር ልጅ ባሕር ዳር ሄዶ ይህን ሲያይ ይቀናል፣ ከዚያ ቤቱ ተመልሶ ዳገቱን ሲያይ ቅናቱ ይበርድለታል።

የእኔን ሳይክል የገዛሁት ባሕር ዳር ነው፣ ያገለገለ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወደ 180 ኪሎ ሜትር አስመጣሁት። ማርሽ ያለው መሆኑን አረጋግጬ ነው የገዛሁት፤ ጎንደር ላይ ማርሽ የሌለው ሳይክል ከያዝክ ግማሹን መንገድ እሱ ሳይሆን አንተ ነህ የምትሸከመው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ካቴናው ከፊት በትንሹ፣ ከኋላ በትልቁ ጥርስ ላይ ሲውል እግር ብዙ ይዞራል፣ ጎማው ጥቂት ይሄዳል፣ ጉልበት ግን ይቀላል። መኪና ላይ አንደኛ ማርሽ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ሁለቱን የሚያጣሉ ሰዎች ሁለቱ መሣሪያዎች ዳገትን የሚወጡት በአንድ ብልሃት መሆኑን ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ከተማው ገና ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ፣ ወደ አዘዞ መውረድን የመሰለ ነገር የለም። መንገዱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ቁልቁለት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጓንት ካልለበሳችሁ ጣታችሁ ፍሬኑን አይታዘዝም። ከየግቢው የእንጀራ ምጣድ ጭስ ይወጣል፤ ዳቦ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ሽታው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ከመኪና ውስጥ ይህ ሁሉ አይገባም፤ መስታወቱ ያስቀረዋል። ሳይክል ላይ ደግሞ ሰላምታ ይሰማል። «እንዴት አደርክ» ሲባል ማን እንዳለኝ ዞሬ አያለሁ፣ ፍጥነቴም ለመልስ ይበቃል። ከአዘዞ መመለሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁልቁለቱ ያበደራችሁን ሁሉ አንድም ሳይቀር ይቀበላችኋል። ሲያቅተኝ ወርጄ እገፋለሁ፤ ከኔ ኋላ እንጨት ተሸክመው የሚወጡ እናቶች እየቀደሙኝ ያልፋሉ። የሳይክል ኩራት ያለበት ሰው ቢኖር መድኃኒቱ እነሱ ናቸው።

ለነገሩ ሳይክል ለኢትዮጵያ ደጋ ባዕድ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም አብረው ሄደዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። «ሳይክል የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የምትሉ ወንድሞች ይህን ልብ በሉ።

አሁን ደግሞ ወደ መኪናው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። በወጣትነታቸው የነዱት የድሮ ሹፌሮች ኤንትሬ የሚሉትን ፊያት ነው። ብዙውን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ ነው። ሊማሊሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆረጠው መንገድ ነው፤ ከደባርቅ ከፍታ ተነስቶ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት፣ ከሥር ያለው መኪና የክብሪት ቀፎ ያክላል። አባቴ መንዳት ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ መሪም ስለ ፍሪሲዮንም አልነበረም። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ነው ያሉኝ። «ፍሬን ለመቆም ነው እንጂ ለመውረድ አይደለም።» ምክንያቱን በኋላ ገባኝ፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬን የማያነሳ ሹፌር የፍሬን ሸራውን ያግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ መተው ነው ብልሃቱ። ይህን ትምህርት ወደ አዘዞ ስወርድ በሳይክልም እጠቀምበታለሁ፤ ፍሬኑን ይዞ ከመውረድ፣ አንዴ የፊቱን አንዴ የኋላውን ነካ ነካ እያደረጉ መውረድ።

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ አስፋልት ነው። ከከተማ እንደወጣችሁ ወለቃ ናት፣ የሸክላ ሥራዋ መንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጥባት። ከዚያ መውጣት ትጀምራላችሁ። ኮሶዬ ላይ መኪናውን ዳር ይዛችሁ ብትወርዱ መሬቱ በድንገት ያልቃል፤ ከእግራችሁ ሥር ቆላው ተዘርግቶ፣ ተራራው ላይ ተራራ ተደርቦ ይታያል። «ሱብሓነላህ» ያላለ ጓደኛ ይዤ ሄጄ አላውቅም። አምባ ጊዮርጊስ ስትደርሱ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ገብሱ ከነፋሱ ጋር ይተኛል፣ ይነሳል። ቀጥሎ ዳባት፣ ከዚያ ደባርቅ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው፤ ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበር። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ በፊት ያለው አይታይም። ያኔ መብራት አብርቶ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ ቀንሶ፣ በዝግታ መንዳት ብቻውን ራሱን የቻለ ደስታ አለው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ይህ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም። ከመነሳቴ በፊት የአባቴን የድሮ ባልደረቦች ደውዬ እጠይቃለሁ፤ «ተው» ካሉኝ እተዋለሁ።

መኪና መውደዴን ከአያቴ ለይቼ ልናገረው አልችልም። አያቴ ዳባት ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ለሐኪም ቀጠሮ ወደ ጎንደር የሚመጡት በአባቴ አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ነው። የኋላውን ወንበር ትራስ ደርድሬ አስቀምጣቸዋለሁ፤ የሰባ አምስቱን ኪሎ ሜትር ግማሽ ዚክር ያደርጋሉ፣ ግማሹን «ቀስ በል ልጄ» ይሉኛል። አንድ የሳይክል ወዳጅ ጓደኛዬ መኪና ሁሉ አየር የሚበክል ትርፍ ነገር መሆኑን ሲያስረዳኝ ስለ አያቴ ጠየቅሁት። «እሳቸው ሌላ ናቸው» አለ። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ የማየው ሰው ሁሉ «ሌላ» ነው የሚመስለኝ። በየመኪናው ውስጥ ማን እንደተኛ ከውጭ ሆኜ አላውቅም።

በነገራችን ላይ የነዳጁም ነገር ወደ መለወጥ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ናቸው። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እየያዘው ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ለአባቴ ብነግራቸው ሳቁና «በወጣህበት ማርሽ ውረድ ያልኩህ ይኸው አይደል» አሉኝ።

እኛ ሙስሊሞች በዚህ ከተማ ከመጓጓዣ ጋር ያለን ትውውቅ የትናንት አይደለም። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ አባቶቻችንም ከከተማው ዝቅ ብሎ በቀሃ ወንዝ በኩል ሰፈሩ። ሰፈሩ እስላም ጌ ይባል ነበር፤ የዛሬው አዲስ አለም የዚያ ታሪክ ወራሽ ነው። ኑሯቸው ንግድ ነበርና ዕድሜያቸው መንገድ ላይ አለቀ። ወደ ምፅዋ በአንድ በኩል፣ በመተማ አድርጎ ወደ ስናር በሌላ በኩል ይነግዱ ነበር። በደጋው በቅሎና አህያ፣ በቆላው ግመል። ግመል የደጋውን ድንጋይና ቁር አይወድም፤ በቅሎ ደግሞ የበረሃውን ጥም አትችለውም። ነጋዴው ጭነቱን ከአንዱ አውርዶ በሌላው ይጭናል እንጂ «እኔ የግመል ወገን ነኝ» ብሎ በቅሎ ነጂውን አይዘልፍም። አማርኛችንም አልለያቸውም፤ አህያ ይነዳል፣ ሳይክል ይነዳል፣ መኪናም ይነዳል። አንድ ቃል ለሁሉም በቅቷል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ።

የመጀመሪያው የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ነው። ቅዳሜ ከግቢ ውጪ ወደሚደረገው ሐለቃችን በእግሩ ነበር የሚመጣው። ሌሎቻችሁ ባጃጅ ኮንትራት ይዛችሁ ሒሳቡን ትካፈላላችሁ፤ እሱ ያችን ድርሻ ለወር የሚያብቃቃበት ገንዘብ ነው። ክረምት ሲሆን ጫማውና የሱሪው ጫፍ ጭቃ ይዞ ይደርሳል፣ ትንሽም ይዘገያል። አንድ ቀን በር ላይ አንዱ «የአንተ ታክሲ ዛሬም ሁለት እግር ነው?» አለው። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሐለቃ ላይ አላየነውም። ዶርሙ ሄጄ ሳናግረው «ፈተና በዝቶብኝ ነው» አለኝ። ፈተናው ካለፈ ወራት አልፈዋል።

ሁለተኛዋ እህታችን ናት። ሲኒየር ናት፤ ከተከራየችበት ቤት ወደ ልምምድ ቦታዋ ለመመላለስ ሳይክል ገዛች። ጅልባብ ነው የምትለብሰው። በመጀመሪያው ሳምንት የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ሐያእ ወዴት ሄደ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ስም ባይጠራም ማን እንደሆነች ሁሉም አውቋል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ደጋፊዎቿ ነን ያሉ ወጣቶች ከኋላዋ ያነሱትን ፎቶ ሳያስፈቅዷት ለጥፈው «ዘመናዊቷ ሙስሊም ሴት» የሚል ርዕስ ሰጡት። ከሁለቱ የቱ የበለጠ እንደከፋት ጠየቅኋት። «ሁለተኛው» አለች። «የመጀመሪያው አንድ ሰው ነው የተሳሳተው። የሁለተኛው ባንዲራ አደረገኝ። እኔ የፈለግሁት እኮ ጠዋት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ማትረፍ ነው።» ሳይክሉን ልትሸጠው ገዢ እየፈለገች ነው።

ፈትዋ ለመስጠት ዕውቀቱም ፈቃዱም የለኝም፤ ለዚያ ኡስታዞቻችን አሉ። የማነበው ሐዲስ ግን የሚነግረኝን መናገር እችላለሁ። ሒጃብ ዲን ነው፤ አይነካም። ሳይክል ግን ዕቃ ነው። ልብስ የሚሸፍን፣ ካቴናው መከለያ ያለው፣ ፊት ለፊቱ ዝቅ ያለና ለመውጣት እግር ማሻገር የማያስፈልገው ሳይክል ገበያ ላይ አለ፤ የእሷም እንዲያ ያለ ነው። ግመል ስለጋለቡ ሴቶች ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩትን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከእነሱ ሁሉ የቁረይሽ ደጋግ ሴቶችን ያመሰገኑት ለልጅ በማዘናቸውና የባላቸውን ንብረት በመጠበቃቸው ነው፤ ግመል መጋለባቸው እንደ ነውር አልተነሳም። ሳዑዲ ዐረቢያ ራሷ ሴቶች መኪና እንዲነዱ የፈቀደችው በሰኔ 2010 ነው። እዚያ ያሉ እናቶችና እህቶች ዛሬ ከነሒጃባቸው መሪ ይዘው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። ይህ ማስረጃ ሳይሆን ወሬ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ወሬ ነው። ግን በግሩፓችን ላይ የተጻፈውም ከዚህ አይበልጥም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ሐዲስ የቁባ ነው። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በየቅዳሜው ወደ ቁባ መስጂድ ይሄዱ ነበር፤ አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ ተሳፍረው። ቡኻሪም ሙስሊምም ላይ አለ። ዘጋቢው ሁለቱንም ብለው አለፉ፤ የቱ ይበልጣል አላሉም። ቅዳሜያችንን ሳስብ ይህ ሐዲስ ይታወሰኛል። በእግሩ ይመጣ የነበረው ወንድማችን ሳያውቀው የዚህን ሱና ግማሽ ይዞ ነበር፤ ባጃጅ የያዙት ደግሞ ሌላውን ግማሽ።

ሁለተኛው ሐዲስ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ነው፤ ይህንንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የተሳፈረ በእግሩ ለሚሄደው፣ የሚሄድ ለተቀመጠው፣ ጥቂቶች ለብዙዎች ሰላም ይላሉ። ኢብን ሐጀር በፈትሑል ባሪ ላይ የቀደሙትን ዑለማ ጠቅሰው ምክንያቱን ያብራራሉ፦ የተሳፈረው እንዳይኮራ፣ ወደ ትሕትና እንዲመለስ ነው። እዩት እንግዲህ። የመንገድ ላይ ደረጃ ተቀምጧል፣ ግን ዕዳው የተጫነው ከፍ ብሎ በተቀመጠው ላይ ነው። በዛሬ ቋንቋ ብናወራው መኪና የያዘው ለሳይክለኛው፣ ሳይክለኛው ለእግረኛው፣ እግረኛው ደጃፍ ለተቀመጡት ሽማግሌ። ሐለቃ በር ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በባጃጅ የመጣው በእግሩ ለመጣው ሰላም ሊል ሲገባው ቀለደበት።

እኔ ይህን ሐዲስ ከኮሶዬ መንገድ ላይ በተግባር ማየት እወዳለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። ክላክስ ካደረጋችሁ አህያዋ ደንብራ ወደ መሃል ትገባለች፤ ሽማግሌው ይሯሯጣሉ። ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ መስታወት ዝቅ አድርጋችሁ «እንደምን ዋሉ አባባ» ካላችሁ አህያዋም እሳቸውም አይደነግጡም። «እግዜር ይመስገን፣ በሰላም ግባ ልጄ» ይላሉ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ ሙስሊም፤ መንገዱ ግን የሁለታችንም ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ዳር ለሚቀመጡት ስለ መንገድ ሐቅ ሲነግሯቸው፣ ዓይንን ዝቅ ከማድረግና ሰላምታን ከመመለስ ጋር ጉዳትን መከልከልን ቆጥረዋል። ሳይክለኛን ሲያልፉ ከጎኑ ገፋ አድርጎ ያለ ክላክስ ማለፍ ከዚህ ውስጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሳይክለኛውም ማታ ያለ መብራት፣ ያለ አንጸባራቂ ከተራዊሕ ሲመለስ ጉዳት እያመጣ ነው፤ በራሱም በሹፌሩም ላይ። ባለፈው ረመዳን ስንቶቻችን ጥቁር ልብስ ለብሰን በጨለማ እንደወረድን አላህ ያውቃል።

ለጁሙዓ የሚሮጡትን ሹፌሮችና ሳይክለኞችም ሳልናገር አላልፍም። ኢቃማ ስትሰሙ እንኳ በእርጋታ ሂዱ፣ አትሩጡ ተብለናል። ኹጥባ እንዳያመልጠኝ ብሎ በመስጂድ በር የእግረኛ ጫማ እየገጨ የሚያልፍ ባለ ሞተር፣ ምን ይዞ እንደሚገባ ይገርመኛል።

መኪና ያላቸው ወንድሞቻችን ላይም የሚወራው ልክ አይደለም። «ኢስራፍ ነው» የተባለው አንዱ ወንድማችን የቤተሰቡን መኪና ይዞ በረመዳን ማታ ማታ እህቶችን ከመስጂድ እስከ ግቢ በር ያደርስ ነበር፤ ነዳጅ ተሰልፎ እየቀዳ። ማንም ሳይጠይቀው ነው። የሚበላውን የሚያውቅ ባለቤቱ ነው ይባል የለ፤ የነዳጁንም ወጪ የሚያውቀው እሱ ነው። ከኛ አንዱ እንኳ «አላህ ይቀበልህ» ሳይለው ዓመቱ አለቀ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ትንሽ ነገር አስበናል። በመጪው ቅዳሜ፣ ኢንሻአላህ፣ ሐለቃችን አዘዞ ነው። ዙህርን እዚያ መስጂድ አብረን እንሰግዳለን። በእግር የሚሄዱ ከማራኪ ግቢ በር ጠዋት 2:30 ይነሳሉ፤ በሳይክል የሚሄዱ 4:30 ይነሳሉ። መኪናው መጨረሻ 5:00 ይወጣል፤ ውሃ፣ የጎማ መንፊያና የከመነዳሪ መለጠፊያ፣ እንዲሁም ለመራመድ የሚቸግራቸውን ይይዛል። የባጃጅ ሒሳብ አይሰበሰብም። ከላይ ለጠቀስኩት ወንድማችን ነግሬዋለሁ፤ በእግር የሚሄዱትን እንዲመራልን ጠይቄው «አስብበታለሁ» ብሏል። ለእህታችን የነገረቻት አብራት የምትኖረው ናት፤ ሳይክሉ እስካሁን አልተሸጠም። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ስንመለስ ዳገት ስለሆነ የምትገፉ ትገፋላችሁ፣ ሳይክላችሁን መኪና ላይ የምትጭኑ ትጭናላችሁ። ዝናብ ከጣለ ግን ሁላችንም ሚኒባስ ነን።